«ደህና ነኝ» ለሚላችሁ ታካሚ

ልጆቼ፣ ነርስነት ለምትማሩና ገና ሥራ ለጀመራችሁ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ዕድሜዬን ወሎ ውስጥ፣ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ያሳለፍኩ ሲስተር ነኝ። ብዙ የምነግራችሁ ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ አንድ መልስ ብቻ ላውራችሁ። «ደህና ነኝ» ስለሚለው።

የእኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል ከሕመሙ በፊት ፈጣሪውን ያስቀድማል። ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው እንኳ እንዲሁ ነው። ይህን ጨዋነት እወደዋለሁ። ነርስ ግን ይህን ሰምታ ቻርት ላይ «ደህና ነው» ብላ ከጻፈች፣ ሰላምታ ተለዋወጠች እንጂ ታካሚዋን አላየችም።

እኔ አድርጌዋለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከወሎ ቦረና አንድ አባት አንጀታቸው ተጠምዝዞ መጡ። የቅሬያቸው (የዕድራቸው) ሰዎች እስከ መኪና መንገድ ድረስ በቃሬዛ ተሸክመዋቸዋል። አመሻሽ ላይ ኦፕራሲዮን ተደርገው ወጡ። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ በር ላይ ቆሜ «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። ሁለቴም «አልሐምዱሊላህ፤ አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። አስቡት፣ እኔን ነው የሚያጽናኑት! በሦስተኛው ብርድ ልብሳቸውን ላስተካክል ብዬ እግራቸውን ነካሁ። በረዶ ሆኗል። ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። የእጃቸውን ምት ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 128። ከኦፕራሲዮን ሲወጡ 84 ነበር። ደም ውስጥ ውስጡን እየፈሰሳቸው ነበር። ሐኪሙን ጠራሁ፤ አባባ ተመልሰው ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ፤ አላህ አተረፋቸው። በር ላይ የቆምኩባቸው እነዚያ ሁለት ጊዜያት ግን እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ደም የሚፈሰው ሰው የደም ግፊቱ ወዲያው አይወርድም። መጀመሪያ የልብ ምቱ ይፈጥናል፤ እጅ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ሽንቱ ይቀንሳል፤ ይቁነጠነጣል። ግፊቱ ሲወርድ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው ለኩ፣ ቀጥሎ በየ30 ደቂቃው የምንላችሁ ለዚህ ነው። አንዷ ቁጥር ብቻዋን ብዙ አትናገርም፤ ከቀድሞዋ ጋር ስትተያይ ነው የምትናገረው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የጤና ተቋማት ዕቃ ሲዘረፍ ሞኒተር (የልብ ምትና ግፊት የሚያሳየውን መሣሪያ) ያጣን ጊዜ፣ በጣታችንና በእጅ ሰዓታችን ነው የሠራነው። ሞኒተር ቢኖራችሁም እጃችሁን አታሳርፉት።

አጠያየቃችሁንም ቀይሩ። «ደህና ነዎት?» አትበሉ። «ሲያስሉ የት ላይ ይወጋዎታል?» በሉ። «ፈስ ወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ። ከኦፕራሲዮን በኋላ አንጀት እንደገና መሥራት መጀመሩን ከምናውቅባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሕመሙን ከዜሮ እስከ 10 ቁጥር እንዲሰጥ ስትጠይቁት ግራ ከተጋባ፣ «እንቅልፍ ያስተኛዎታል? ዞር ማለት ይችላሉ?» በሉት። ሕመም የያዘው ሰው በደንብ አይተነፍስም፤ በደንብ ያልተነፈሰ ደግሞ አክታ ይታቆርበትና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ስለዚህ ማስታገሻ ቅንጦት አይደለም።

መራመድም እንዲሁ ነው። አስታማሚ «ስፌቱ ይፈታል» ብሎ ይፈራል፤ በእናት ዓይን ሲታይ እውነቱን ነው። አትቆጡት። ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ፣ ማስታገሻውን አስቀድማችሁ ሰጥታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አስነሱ። ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ነው ብላችሁ አስረዱ። ጋቢውን አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ እንዲያቅፈው አድርጉ። ጋቢውን አቅፎ ሲያስል ስፌቱ አይጎተትም። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፤ ካላዞረው ይቁም። አንዲት የሐይቅ ከተማ እናት እንዲህ ጋቢ አቅፈው ኮሪደሩን ሲጨርሱ ወገባቸውን ይዤ ነበር። መስኮቱ ጋ ደርሰን የጦሳን ተራራ ሲያዩ «እንዲህ ቅርብ ነው?» አሉኝ። ሦስት ቀን ኮርኒስ ብቻ ነበር ያዩት።

ደሴ ብርድ መሆኑንም አትርሱ። ከማደንዘዣ የነቃ ሰው ይንቀጠቀጣል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጀምበር ሳትጠልቅ አዘጋጁ።

አልጋ ማንጠፍና ፖፖ ማንሳት የአስታማሚ ሥራ ነው የምትሉ አላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ደሴ ያለው የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነው። የወይዘሮ ስሂን የልጅ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ሎንደን ውስጥ የሕፃናት ነርስነት ተምራ በ1931 ዓ.ም. ተመርቃለች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናት፤ የታመመ ሕፃን ማጠብ አላሳፈራትም።

አንዳንዱ ታካሚ ሶላቱ እንዳያልፈው ሲል በስፌቱ ሊሰግድ ይታገላል። ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተኝቶ መስገድ እንደሚፈቀድለት አስታውሱት፤ ቢያመነታ ሼኹን ይጠይቅ። ጸበል ለያዘችም እናት «ቁስሉ ላይ አይፍሰስ እንጂ» ብላችሁ በትሕትና አስረዱ። ከእምነቱ ጋር የተጣላችሁት ታካሚ ሕመሙን አይነግራችሁም።

ተረኛ ስትሆኑ ታካሚዎች ብዙ፣ እናንተ ጥቂት እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሚጮኸው ይጠራችኋል፤ መልካም፣ ሂዱለት። ሲጠራችሁ ያልሰማችሁትን ግን ራሳችሁ ፈልጉት፤ ጥግ ላይ ነው የሚተኛው። የስልካችሁን መብራት አብሩና ፋሻውን እዩ። ከላይ ደርቆ ቢታይም አትመኑ። ደም ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ እጃችሁን በጀርባው ሥር አስገቡና አንሶላው እርጥብ መሆን አለመሆኑን ዳስሱ።