ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አሥር መርህ ለጠየቅኸኝ የመንዝ ልጅ

«ከመንዝ መሐል ሜዳ ነኝ። ደብረ ብርሃን በአካውንቲንግ ተመርቄ ዓመት ከመንፈቅ ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። ዐረብ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ 60,000 ብር ልኮልኝ በግ ነግድ ብሎኛል። ማታ ማታ በስልኬ የስኬት ንግግር እሰማለሁ፤ ስሰማ ወኔዬ ይነሳል፣ ጠዋት ግን የለም። እባክዎ በንግድም በሕይወትም የሚያሳካኝን አሥር መርህ ይጻፉልኝ፤ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። አሥር ግን አልጽፍልህም። «በጠዋት ተነሱ» የሚለውንማ ለአንተ መንገር ያሳፍራል፤ ውርጭ እየረገጠ በግ ሲያግድ ላደገ ልጅ ማለዳ መነሳት ምኑ ምክር ነው!

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ 60,000 ብር ምንድን ነው? ስጦታ፣ ብድር ወይስ የወንድምህ ድርሻ? «ልኮልኝ» ብለህ አልፈኸዋል። የሒሳብ ሰው ነህ፤ መዝገብ ላይ ካፒታል ብለህ ታሰፍረዋለህ ወይስ ዕዳ? ወንድማማች የሚጣላው ሲከስር ብቻ አይደለም። ሲያተርፍም አንዱ «ልርዳህ ብዬ ነው የሰጠሁህ» ሲል ሌላው «ድርሻዬስ?» ይላል፤ ያን ጊዜ እናት መሐል ትገባለች። ስለዚህ በግ ከመግዛትህ በፊት ደውልለትና ተነጋገሩ፤ የተስማማችሁበትን በአንድ ገጽ ጻፉና ሁለታችሁም ያዙት። በእኛ አገር ከወንድም ጋር ወረቀት መጻፍ አለመተማመን ይመስላል። «እኔ እንዳልረሳው ነው» በለው።

ቀጥሎ በጉ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ገዢ ይቀንሳል፣ ዋጋ ይወርዳል፤ 55ቱ ቀን አልቆ ፋሲካ ሲመጣ ይወጣል። አንተም ያሰብከው ይህንን ይመስለኛል። እስቲ በወረቀት እንየው፤ ዋጋው ለማሳያ ነው፣ ትክክለኛውን ገበያ ወጥተህ ጠይቅ። አምስት በግ በ8,000 ብር ስትገዛ 40,000 ይሆናል። ለፉርሽካና ለፋጉሎ፣ ለመድኃኒት፣ ለመኪና 7,500 ጨምር። አንዱን በ10,500 ብትሸጥ 52,500 ታገኛለህ። ትርፍህ 5,000 ብር ነው፤ የሁለት ወር ድካምህ ሳይቆጠር። ከአምስቱ አንዱ ብቻ በጉበት ትል ቢሞትብህ የምትሸጠው 42,000 ነው፤ 5,500 ብር ከሰርክ ማለት ነው። መንገድ ተዘግቶ በዓሉ ቢያልፍብህስ? የቀረህ 12,500 ብር እንዳይነካ የምልህ ለዚህ ነው። አትጀምር አላልኩህም። «ስጋት ውሰድ» የሚሉህ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሠርተው አያሳዩህም፤ ስጋቱን የምትወስደው አንተ ነሃ!

እኔም በዕድሜህ ሳለሁ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከፍቼ ነበር። ሽያጩ ጥሩ ነበር፣ መስከረም ላይ ሰልፍ ነበር። በስምንተኛው ወር መደርደሪያው ባዶ ሆነ፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ግን አላወቅሁም። የሰረቀኝ የለም። ከመሳቢያው ለቡና አወጣ ነበር፣ ለዘመድ ትራንስፖርት አወጣ ነበር፣ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ አወጣሁ፤ የዕቁቡም ከዚያው ነበር። ዱቤውን በቃሌ ነበር የምይዘው። ተማሪ ሳለሁ ግን በሒሳብ መዝገብ አያያዝ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ዛሬ ሥራ ፈላጊ ሲመጣብኝ ዲግሪውን ሳይሆን የራሱን የወጪ ደብተር የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ነው። አንተም የንግዱን ገንዘብ ለብቻው ሒሳብ ክፈትለት። ለራስህ በወር ትንሽ ደሞዝ ቁረጥና ከእሱ በላይ ከፈለግክ ከንግዱ ተበደር፣ በቀኑ ጻፈው። ሲጻፍ እጅ ይሰበሰባል።

ስለ ቃል አንድ ልበል። አገርህ ላይ «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል፤ ከበድ ያለች ናት፣ ልጅህንም ጠብቅ። ጠዋት ለአንዲት እናት «ይህችን በግ ለእርስዎ» አልካት እንበል። ከሰዓት ደላላ 500 ብር ጨምሮ ገዢ አመጣ። ያን ቀን 500 ብሩ ቀርቶብህ በጓን ለሴትየዋ ከሰጠህ መርህ አለህ ማለት ነው፤ ዋጋውም 500 ብር ነው። ለደላላው ከሰጠኸው ደግሞ ግድግዳህ ላይ ያለው ወረቀት ጌጥ ነው። በትንሽ ገበያ ሰው ይህን ወሬ ከበጓ ቀድሞ ያደርሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በጎች በዱቤ የሚሰጥህ ወይም የሚነሳህ ያ ወሬ ነው።

ደብዳቤህ ላይ የገረመኝ ሌላም አለ። የበግ ጥርስ አይተህ ዕድሜዋን፣ ወገብ ዳብሰህ ሥጋዋን የምታውቅ ልጅ ሆነህ ይህን አንድም ቦታ አላነሳኸውም፤ በሥራ ማመልከቻህም ላይ እንዳልጻፍከው እገምታለሁ። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ብርድ ይችላል፣ ጠጉሩ ባና ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ላይ አዋሲ ከሚባለው የውጭ አገር ዝርያ ጋር ያዳቀሉትም አለ። ለሙክት የቱ እንደሚሻል ለይቶ ወጪውንም በመዝገብ መያዝ የሚችል ሰው ብዙ አላየሁም። ደብረ ብርሃን ላሉት ለብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ ለቢራ ፋብሪካዎቹ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ማመልከቱን አታቁም። ማስታወቂያው ሁሉ «የሥራ ልምድ» የሚልህ ከሆነ ሁለት ሦስት ባለሱቅ ፈልገህ ሒሳባቸውን በትንሽ ክፍያ ያዝላቸው፤ በሥራህ ሲረኩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉልሃል። እሱ ልምድ ነው።

ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ቢሮዬ ና። ከወንድምህ ጋር የተስማማችሁበትን ገጽና የአንድ ወር የወጪ ደብተርህን ይዘህ ና። ግማሹ ባዶ ከሆነም እንዳለ አምጣው፣ አብረን እናየዋለን።