ስለ ዩራኒየም ጋማ ጨረር ጠየቃችሁ፣ ልመልስ

ድሬዳዋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አቶሞች ሲፈርሱ የሚወጣውን ጋማ (ባለከፍተኛ ጉልበት ጨረር) የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ ይዛችሁ «የጋማ ሠንጠረዡ ግራ አጋባን» ላላችሁኝ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

ጥያቄ፦ ዩራኒየም 235 ላይ «185.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ 57 በመቶ» ይላል። ምኑ ነው 57?

መልስ፦ 235 አንዱ የዩራኒየም ዓይነት ነው፤ 238 ደግሞ ሌላው። 185.7 የጨረሩ ጉልበት ነው። 57ቱ ደግሞ ዕድሉ። 100 አቶሞች ሲፈርሱ በአማካይ 57 ጊዜ ይህ ጋማ ይወጣል። ከመጋላ ከተነሱ 100 ባጃጆች 57ቱ ከዚራ ገቡ እንደማለት። ባጃጁ መቼ እንደሚነሳ ግን አይነግርህም። እሱን ግማሽ ዕድሜውን (ከአቶሞቹ ግማሾቹ ፈርሰው የሚያልቁበትን ጊዜ) ጠይቀው፤ 704 ሚሊዮን ዓመት ነው። አቦ፣ ይሄ ባጃጅ አይቸኩልም!

ጥያቄ፦ ከተፈጥሮ ዩራኒየም 99.3 በመቶው 238 ነው። የሱ ጋማ የት ገባ?

መልስ፦ ይቺን ወደድኳት። 238 ሲፈርስ አልፋ የሚባል ቅንጣት ይተፋል፤ ያኔ ከ100 ውስጥ 21 ጊዜ ያህል አዲሱ ኒውክለስ (የአቶሙ እምብርት) 49.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ትርፍ ጉልበት ይዞ ይቀራል። ስለዚህ 21 ጋማ ትጠብቂያለሽ። የሚወጣው ግን ከ10,000 ስድስት ብቻ! ኒውክለሱ ጉልበቱን በጋማ ከመልቀቅ ይልቅ ለገዛ ኤሌክትሮኑ ያቀብለዋል። ኤሌክትሮኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል። አቶሙ ትርፉን አራግፏል፤ ጋማ ቆጣሪሽ ግን ምንም አላየም።

ጥያቄ፦ ታዲያ 238ን በ1001 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ እንለካለን የሚሉት?

መልስ፦ ያ የልጅ ልጁ ነው። 238 ቶሪየም 234ን ይወልዳል፣ ቶሪየሙ ፕሮታክቲኒየም 234ን። የ1001 ጋማ የሚመጣው ፕሮታክቲኒየሙ ሲፈርስ ነው፤ ዕድሉም 0.84 በመቶ ብቻ። ዩራኒየሙ ገና የተጣራ ከሆነ ልጆቹ አልተወለዱምና ውጤቱ ያሳስታል። የቶሪየሙ ግማሽ ዕድሜ 24 ቀን ስለሆነ አራት ወር ገደማ መታገሥ ነው።

ጥያቄ፦ የድንጋይ ናሙና 186 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጉብታ (ብዙ ጋማ የተቆጠረበት ቦታ) ካሳየኝ 235 ነው ልበል?

መልስ፦ አትቸኩል። ሬዲየም 226ም 186.2 ላይ አለ፤ ዕድሉ 3.6 በመቶ። ባልተነካ ማዕድን ውስጥ ከጉብታው ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንዲያውም የሬዲየሙ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሎቹ ተደምረው ከ100 ሊበልጡ ይችላሉ?

መልስ፦ አዎ። አንድ አቶም ተከታትሎ ሁለት ጋማ ሊለቅ ይችላል። ኮባልት 60 ወደ 200 ይጠጋል።

ጥያቄ፦ ባቢሌ ድንጋዮቹ ሥር ፎቶ ብነሳስ፣ ጨረሩ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ግራናይት ናቸው። አንድ ቶን ግራናይት ውስጥ በተለምዶ ጥቂት ግራም ዩራኒየም ብቻ ነው ያለው። ፎቶህን ተነሳ።