መርከቦቹ ለምን ተሰባስበው ይጓዙ ነበር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አትላንቲክን ያቋርጡ ስለነበሩ የንግድ መርከቦች ዘጋቢ ፊልም አየሁ። 40 እና 50 መርከብ ተደርድሮ አንድ ላይ ይሄዳል። ጀርመኖች በሰርጓጅ መርከብ እያደኗቸው ለምን ይሰባሰባሉ? ተበታትነው ቢሄዱ አይሻልም ነበር? ደግሞ አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ጥለውት ሲያልፉ በጣም ከፋኝ። ወንድሜ ግን «የፈረንጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» ይለኛል። እውነቱን ነው?
አንባቢዎ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ የዋዛ አይደለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሹማምንት ራሳቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት እስከ 1917 ድረስ ሲከራከሩበት ኖረዋል። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ጠላት አንዱን ካገኘ ሁሉንም ያገኛል ብለው ይፈሩ ነበር። በዚያ ዓመት ግን የሚሰጥመው መርከብ ከመብዛቱ የተነሳ አገሪቱ ስንቅ ሊያልቅባት ደረሰ። ያኔ በኮንቮይ፣ ማለትም ተሰባስቦ በጦር መርከብ ታጅቦ መጓዝ ተጀመረ፤ ጉዳቱም ቀነሰ።

ምስጢሩ የባሕሩ ስፋት ነው። ሰርጓጅ መርከብ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም። ላዩ ላይ የቆመ ሰው ሩቅ አያይም። 40 መርከብ ተበታትኖ ከሄደ አዳኙ 40 ቦታ ላይ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ላይ ከሆኑ ግን በዚያ ሁሉ ውኃ ላይ ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ባሕር ባዶ ነው። ቢያገኛቸውም አጃቢ የጦር መርከብ ይጠብቀዋል። ፓትሪክ ብላኬት የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር፤ በ1948 የኖቤል ሽልማት ያገኘው። እሱና ባልደረቦቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሀል ሒሳቡን ሠርተው ትልቅ ኮንቮይ ከትንሹ እንደሚሻል አሳዩ። የመርከቦቹ ቁጥር አራት እጥፍ ቢሆን አጃቢዎቹ የሚጠብቁት ዙሪያ የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። በ1944 ክረምት ኤችኤክስ 300 የተባለው ኮንቮይ ከ160 በላይ መርከቦች ይዞ ከኒውዮርክ ተነሳ። ጠላት አንድም ሳያሰጥምበት እንግሊዝ ገባ።

የተበታተኑት ምን እንደደረሰባቸው ማየት ከፈለግሽ 1942ን ተመልከቺ። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ገብታ ነበር። በምሥራቅ ዳርቻዋ ግን መርከቦች ለየብቻቸው ይሄዱ ነበር። የባሕር ዳር ከተሞችም መብራታቸውን አላጠፉም። ሰርጓጆቹ ከጥር ጀምሮ እንደ ልባቸው ለቀሟቸው። ግንቦት ላይ በዚያም ኮንቮይ ሲጀመር አዳኞቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ ባሕር አዞሩ።

አሁን ልቤ ውስጥ ወዳለው ልግባ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመርከብ ሞተር ክፍል ነው፤ ያውም በሰላም ጊዜ። አንድን ፍጥነት ሳይበልጥ ሳያንስ ይዞ መቆየት ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እነዚያ ሰዎች ይህን የሚያደርጉት በጨለማ ነው። አንዲት መብራት አይበራም። ከፊትም ከኋላም ከጎንም በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ሌላ መርከብ አለ። ከላይ ከካፒቴኑ ዘንድ «የሞተሩን ዙር በሁለት ጨምር» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ «ሁለት ዙር ቀንስ» ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ጭስ ከበዛ ጠላት ከሩቅ ያያል። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ እያንዳንዱ መርከብ ከኋላው ውኃ የሚረጭ ተንሳፋፊ ነገር በገመድ ይጎትታል። ተከታዩ ያን የውኃ ርጭት እያየ ነው ርቀቱን የሚጠብቀው። በደርግ ጊዜ ከምፅዋ አስመራ በኮንቮይ የነዳ ሹፌር ይህን ጭንቀት ይረዳዋል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ነው፣ ወደኋላ የቀረ ደግሞ ብቻውን ነው።

ቀርፋፎቹ ኮንቮዮች በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የሚጓዙት። ኤስሲ 7 የተባለው በጥቅምት 1940 መጀመሪያ ላይ ከካናዳ ሲነሳ 35 መርከቦች ነበሩት። ለአብዛኛው መንገድ ያጀበችው አንዲት የጦር መርከብ ብቻ ነበረች። 20 መርከብ ሰጠመበት። ስለዚህ መሰባሰብ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ አጃቢም ያስፈልጋል።

ጥለውት አለፉ ስላልሽው። እኔም እንዳንቺ ይከፋኛል። ትእዛዙ ግን አትቁሙ ነበር፤ የቆመ መርከብ ቀጣዩ ሟች ነውና። ከ1941 ጀምሮ ሐኪምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ያላቸው ትናንሽ መርከቦች ከኮንቮዩ ኋላ ይመደቡ ጀመር። ዋና ሥራቸው ሰው ከውኃ ማውጣት ነው። ከ4 ሺህ በላይ ነፍስ አትርፈዋል።

ትእዛዙን የተላለፉም ነበሩ። ኅዳር 5 ቀን 1940 ኤችኤክስ 84 የተባለውን ኮንቮይ አድሚራል ሼር የተባለችው ትልቅ የጀርመን የጦር መርከብ አገኘችው። አጃቢው ጄርቪስ ቤይ ብቻዋን ነበረች። እሷም መድፍ የተገጠመላት የቀድሞ መንገደኛ ጫኝ ናት። ካፒቴን ኤድዋርድ ፌገን ኮንቮዩ እንዲበተን አዘዘና ራሱ በቀጥታ ወደ ጠላት ገሰገሰ። እዚህ ላይ ልብ በይ፤ በውኃ ላይ በምትሄድ የጦር መርከብ ፊት መበታተኑ ያዋጣል። በሰርጓጅ ፊት ነው መሰባሰቡ። ጄርቪስ ቤይ ሃያ ደቂቃ ያህል ታግላ ጋየች። ፌገን ሞተ፤ ከሞተ በኋላ የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የሆነው የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው። ከ37ቱ የንግድ መርከቦች የሰጠሙት 5 ናቸው። ከተበተኑት መሀል ስቱርሆልም የምትባል የስዊድን መርከብ ነበረች። ካፒቴኗ ስቬን ኦላንደር ባሕረተኞቹን ሰብስቦ እንመለስ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ተስማሙ። በጨለማ ተመልሰው ከጄርቪስ ቤይ 65 ሰው አወጡ። ስቱርሆልም በቀጣዩ ወር እሷም በሰርጓጅ ተመትታ ሰጠመች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ፊልሞቹ ብዙውን ጊዜ ካፒቴኖቹን ያሳያሉ። እኔ የማስበው ከታች ያሉትን ነው። በእንግሊዝ መርከቦች ላይ እሳቱ ዘንድ ቆመው ከሰል ይጥሉ ከነበሩት ብዙዎቹ የየመን፣ የሶማሌና የሕንድ ሰዎች ናቸው። የመኖቹና ሶማሌዎቹ የባሕር በር ጎረቤቶቻችን ማለት ናቸው። ወታደሮች አልነበሩም፤ ደመወዝተኞች ናቸው። ሞተር ክፍሉ ከውኃው ወለል በታች ነው። ቶርፔዶ፣ ማለትም ሰርጓጁ በውኃ ውስጥ የሚተኩሰው ፈንጂ፣ እዚያ ሲመታ ደረጃውን ወጥቶ ለመትረፍ ጊዜ የለም። መርከባቸው ሰጥሞ የተረፉት በሚቀጥለው መርከብ ተመልሰው ወደዚያው ሞተር ክፍል ይወርዱ ነበር። ይህን ጀግንነት ካላልን ምን እንለዋለን?

በግንቦት 1943 ነገሩ ተገለበጠ። ራዳሩ ተሻሻለ፣ ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖች የባሕሩን መሀል ሸፈኑ፣ አጃቢውም በዛ። በዚያ አንድ ወር ጀርመን 41 ሰርጓጆች አጣች። የሰርጓጆቹ አዛዥ ካርል ዶኒትዝ ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣቸው።

ወንድምሽን በተመለከተ። አሜሪካ ገለልተኛ በነበረችበት ጊዜ ሕጓ መርከቦቿን ጦርነት ወዳለበት ባሕር አያስገባም ነበር። ጣሊያን ምፅዋን ይዛ ስለነበር ቀይ ባሕርም ተከልክሎ ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1941 ምፅዋ እጅ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ክልከላውን አነሱ። የአሜሪካ የንግድ መርከቦች ጭነታቸውን እስከ ስዌዝ ማድረስ ቻሉ፤ ግብፅ ላይ ለሚዋጋው የእንግሊዝ ጦርም መሣሪያ ደረሰው። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ በፍጥነት የተሸነፈው አምስት ዓመት ሙሉ ዕረፍት የነሱት አርበኞች ስለነበሩም ጭምር ነው። ስለዚህ የእኛ ተራሮችና ያ የመርከብ መንገድ ይገናኛሉ። ይህን አንብቢለት። የማያሳምነው ነገር ካለ እሱም ይጻፍልኝ፤ እመልስለታለሁ።