መልስ፦ በዲሽ ገመድ ኢንተርኔት ወደ ጓሮ ክፍል ማድረስ

ሰላም ወንድም። ደብረ ብርሃን ያለው ቤትህ ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋዩ ጓሮ ክፍል አልደረሰም፣ የተዘረጋውን የዲሽ ገመድ ልጠቀም ወይ ብለሃል።

ይቻላል። ግን ገመዱ ዲሽ የማይሠራበት ትርፍ ገመድ ከሆነ ብቻ ነው።

ኢንተርኔትን በዲሽ ገመድ የሚያስተላልፍ ሞካ የሚባል አዳፕተር አለ። ሁለት ያስፈልግሃል፤ አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ጓሮ። ሞካ 2.5 የሚባለው ዓይነት በሴኮንድ እስከ 2.5 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ለቤት ይተርፋል። ችግሩ ሞገዱ ላይ ነው። ሞካ 2.5 ከ1125 እስከ 1675 ሜጋኸርዝ ይሠራል። የዲሹ ሲግናልም ከ950 እስከ 2150 ባለው ውስጥ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ይጋጫሉ። በዚያ ላይ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ለተገጠመው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። አዳፕተርህን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ትርፍ ገመድ ካለህ ከዲሹም ከሪሲቨሩም ንቀለው። መሐል ላይ የዲሽ ስዊች ካለ አውጣና ቀጥታ አገናኝ። አዳፕተሮቹ ሁለቱም መብራት እንደሚፈልጉ አትርሳ።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን፣ ገመዱ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ከሆነ ጫፉ ላይ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ አስረህ ሳበው። አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ይገባል። እስከ 100 ሜትር ያለምንም አዳፕተር ይሠራል፤ ሞካ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ከመዞርም ትድናለህ።