እጆቹ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ

ውድ ልጆቼ፣

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጡረታ ልወጣ ስቃረብ፣ በምሠራበት የሆስፒታል ክፍል አንዲት የእኛ አገር እናት ተኝተው ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚያድረው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከውትድርና ከተሰናበተ ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የእናቲቱን የደም ግፊት ለክቼ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «እትዬ፣ አያቴ እንድጸልይላት ትፈልጋለች። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እግዚአብሔርን ላስበው ስሞክር ምንም አይታየኝም፤ ጨለማ ብቻ ነው። እምነት የለኝም ማለት ነው?» አለኝ።

ሌሎች ሕመምተኞች እየጠበቁኝ ነበርና «አይዞህ፣ ዝም ብለህ ጸልይ» ብዬው አለፍኩ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ተመሳሳዩን ጥያቄ በዕብራይስጥም በአማርኛም ከብዙ ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ ያን ሌሊት ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን ለሁላችሁም ልጻፈው። ረቢ አይደለሁም፤ የቄስ ልጅም አይደለሁም። ጎንደር ተወልጄ፣ በሱዳን በረሃ አልፌ እስራኤል የገባሁ፣ ለ34 ዓመታት በነርስነት የሠራሁ የቤተ እስራኤል ሴት ነኝ።

ከሁሉ በፊት፣ ጨለማው አያስደንግጣችሁ። ሙሴ ሕዝቡን ሊሰናበት ሲል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 4 ላይ፣ እግዚአብሔር በኮሬብ ከእሳቱ ውስጥ በተናገራችሁ ቀን መልክ ከቶ አላያችሁም፣ ስለዚህ ምስል እንዳትሠሩ ተጠንቀቁ ይላቸዋል። ድምፅ ሰሙ፤ መልክ ግን አላዩም። ሙሴ ራሱ ክብርህን አሳየኝ ብሎ ቢለምን «ፊቴን ማየት አይቻልህም» ተባለ። እምነታችን ከመነሻው በጆሮ የተቀበልነው ነው፤ ጠዋትና ማታ የምንለውም «እስራኤል ሆይ፣ ስማ» ነው፤ በዕብራይስጥ «ሽማ» እንለዋለን። እንዲያውም ያን ቃል ስንናገር ዓይናችንን በቀኝ እጃችን እንሸፍናለን። ልጁ አጣሁ ብሎ የደነገጠበት ጨለማ፣ አባቶች ሽማ ሲሉ ፈቅደው የሚገቡበት ነው።

በዚህ ነገር ከማንም በላይ የረዳኝ ራምባም ነው። ራምባም የምንለው ሙሴ ማይሞኒደስ በእስፔን አገር፣ በኮርዶባ ተወልዶ፣ ተሰድዶ ግብፅ የገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈ ሊቅ ነው። ሐኪምም ነበር፤ እኔ የምወደው በዚህም ጭምር ነው። ጽሑፉን ወደ ዕብራይስጥ ለሚተረጉምለት ሰው በላከው ደብዳቤ ውሎውን ይተርካል፦ ጠዋት ከሚኖርበት ከፉስጣጥ ወደ ካይሮ ሄዶ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ያክማል፤ ከሰዓት በኋላ ርቦት ሲመለስ ቤቱ በሕመምተኞች ተሞልቶ ያገኘዋል፤ እስከ ሌሊት ሲያያቸው ቆይቶ መቀመጥ ያቅተውና በጀርባው ተጋድሞ መድኃኒት ያዝላቸዋል። ሁለት ፈረቃ አከታትሎ የሠራ ሰው ይህን ያለ እንባ አያነበውም።

እንግዲህ ይህ የደከመው ሐኪም ነው 13ቱን የእምነት መሠረቶች የዘረዘረልን። የመጀመሪያው ፈጣሪ አለ የሚለው ነው። ሁለተኛው አንድ ነው፤ አንድነቱም እንደ ሌላ አንድ ነገር የሚከፋፈል አይደለም። ሦስተኛው አካል የለውም። ታዲያ ኦሪት የእግዚአብሔር እጅ፣ የእግዚአብሔር ዓይን የምትለው ምንድን ነው? ራምባም የጥንት ሊቃውንትን ቃል ይዞ ሲመልስ፣ ኦሪት በሰው ልጆች ቋንቋ ተናገረች ይላል። እኛ ያለ እጅ መስጠትን፣ ያለ ዓይን ማየትን መረዳት ስለማንችል ነው። ከዚያም ገፍቶ፣ ስለ እግዚአብሔር በእርግጥ ልንናገር የምንችለው ያልሆነውን ነው አለ። ኃያል ነው ስንል አይደክምም ማለታችን ነው፤ ዐዋቂ ነው ስንል የሚሰወረው የለም ማለታችን ነው። ከዚህ አልፎ «እንዲህ ያለ ነው» ብሎ መሳል እሱን ማሳነስ ይሆናል። ከመዝሙረ ዳዊትም በዕብራይስጡ «ለአንተ ዝምታ ምስጋና ነው» የሚለውን ቃል ያነሣል። በወጣትነቴ ይህን ስሰማ ከበደኝ፤ እግዚአብሔር የራቀ መሰለኝ። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን ዕረፍት ሆነኝ። በልባችሁ የሣላችሁት አምላክ አንድ ቀን ቢፈርስባችሁ፣ የፈረሰው ሥዕሉ ነው።

እናቴ ራምባምን አታውቀውም ነበር። ፊደልም አልቆጠረችም። እናቶቻችን ልጅ ሲታመም፣ እህል ሲያልቅ፣ ሰው ሲሞት የሚሉትን ታውቁታላችሁ፦ «እግዚአብሔር አለ»። ሕፃን ሳለሁ ሌላ የሚናገሩት ሲያጡ የሚሉት ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሳስተውለው ግን የራምባም የመጀመሪያው መሠረት ራሱ ነው። ሙሴ በቁጥቋጦው አጠገብ ስምህ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» የሚል ነው። ደግሞም «አለ» ስንል መኖሩን ብቻ አይደለም የምንናገረው። አይጥልህም፣ አጠገብህ ነው፣ ቆይ ታያለህ ማለታችንም ነው። ይህን ሁሉ አንዲት አጭር ቃል ተሸክማዋለች።

የእናቴ እምነት የሚታየው ዓርብ ማታ ነበር። ዛሬ በየቤታችሁ የሰንበት ሻማ ይበራል፤ ደስ ይላል፣ እኔም አበራለሁ። በመንደራችን ግን ሥርዓቱ ሌላ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል። እናቴ ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን ታጥባ፣ የሰንበቱን ዳቦ ሸፍና ታስቀምጥና ምድጃውን ታጠፋዋለች። የጠፋ ፍም ሽታና የዳቦው ሽታ ተቀላቅለው ቤቱን ይሞሉታል። ከዚያ ጨለማ ነው። ደጋ ነውና ይበርዳል፤ ቡና የለም፣ ትኩስ ነገር የለም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ስትል እሰማታለሁ። የግዕዙን ትርጉም ከኔ አብልጣ ታውቅ እንደነበር እጠራጠራለሁ። እግዚአብሔር ምን እንደሚመስል ጠይቃኝም ጠይቄያትም አላውቅም። ዓርብ ሲመጣ ግን እሳቱ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠፋ ቀርቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በዕብራይስጥ እምነት «ኤሙና» ይባላል። «አመነ»፣ «እምነት»፣ «ታማኝ»፣ «አሜን» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ቃሉ በኦሪት ውስጥ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ስለ ሐሳብ ሳይሆን ስለ እጅ ነው። በዘፀአት ምዕራፍ 17 እስራኤል ከአማሌቅ ጋር ሲዋጋ ሙሴ በኮረብታው ራስ ላይ እጁን ያነሣል። እጁ ከፍ ሲል እስራኤል ይበረታል፤ ዝቅ ሲል አማሌቅ ይበረታል። የሙሴ እጆች ግን ከበዱ። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሖር አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ደገፉት። አማርኛው «ፀሐይም እስክትገባ ድረስ እጆቹ ጠነከሩ» ይላል። በዕብራይስጡ እዚያ ያለው ቃል «ኤሙና» ነው፤ እጆቹ እምነት ሆኑ እንደ ማለት።

ይህን ጥቅስ ያገኘሁት በሥራዬ መካከል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የደከመ የአረጋዊት ክንድ ይዛችሁ ክር የመሰለች ሥር ስትፈልጉ፣ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሰማችሁ ማንም አይጠይቃችሁም። እጃችሁ ይጽና እንጂ። ሐዘን ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ እንቅልፍ ሊጥላችሁ ይችላል፤ እጁ ግን መጽናት አለበት፣ መጽናቱም የሚመጣው በሺህ ጊዜ ልምምድ ነው። እምነትም እንደዚያ መሰለኝ። እናንተ ግን ስሜቱን አስቀድማችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ልቤ ሲሞቅ እጸልያለሁ፣ ሲገባኝ እጠብቃለሁ ትላላችሁ። አባቶቻችን በሲና ሥር በዕብራይስጥ «ናዓሴ ቬኒሽማ» ነው ያሉት፤ እናደርጋለን፣ እንሰማለንም። ማድረጉን አስቀደሙት።

ስለዚህ አንድ ነገር ያዙ፤ ትንሽ ይሁን፣ ግን አይቋረጥ። ከመተኛታችሁ በፊት ሽማን ማለት ሊሆን ይችላል። ጠዋት እንደነቃችሁ ደግሞ «ሞዴ አኒ» አለላችሁ፤ እጅ ሳይታጠቡ የሚባል ስለሆነ የእግዚአብሔር ስም እንኳ አልገባበትም። ነፍሴን መልሰህልኛልና አመሰግንሃለሁ ይልና «ራባ ኤሙናቴኻ» ብሎ ያበቃል፤ ታማኝነትህ ብዙ ነው ማለት ነው። አስተውሉ፣ የቀኑ የመጀመሪያው ኤሙና የእሱ ነው። እኛ ማመናችንን ሳንናገር እሱ አንድ ቀን ጨምሮ አምኖናል።

መከራ ሲመጣስ? ዝም ብላችሁ ተቀበሉ አልላችሁም። አብርሃም ስለ ሰዶም ሲከራከር «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሏል። ኢዮብ አማረረ፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የወቀሰው ግን ስለ እሱ ጠበቃ የቆሙለትን ወዳጆቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ሱዳን ስንወጣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ካለቁት ወገኖቻችን፣ ቁጥራቸው ወደ 4,000 ይጠጋል ይባላል፣ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። የቀበርናት ማታ ነው፤ ምልክት ማድረግ አልቻልንም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ጸሎት ከአፌ አልወጣም። ስለ ራምባም ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ የሚወደው ወንድሙ ዳዊት ለንግድ ሲሄድ በሕንድ ውቅያኖስ ሰጠመ፣ እሱም አንድ ዓመት ያህል አልጋ ላይ ወደቀ። 13ቱን መሠረቶች የጻፈ ሰው ነው የወደቀው። እናንተም ብትወድቁ እምነታችሁ አለቀ ማለት አይደለም። እኔን ያነሣኝ የመጽሐፍ መልስ አይደለም። እናቴ በዚያው የሱዳን ድንኳን ውስጥ፣ እህቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበርና፣ ተነሥታ እሳቱን ስታጠፋ አይቻት ነበር። ያየሁትን ለመረዳት ዓመታት ወሰደብኝ።

ከሊቃውንቱ ትምህርት ደግሞ ሥራዬን የለወጠልኝ አንድ ቃል አለ። የሊቃውንቱ ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ ታልሙድ፣ ሼኺና (የእግዚአብሔር ማደሪያ ክብር) ከሕመምተኛው ራስጌ በላይ ነው ይላል። ሊጠይቅ የሚገባ ሰው በአልጋው ላይ እንዳይቀመጥ የሚያዘውም ስለዚህ ነው። ከራስጌ በላይ እኔ የማውቀው የኦክስጅን መክፈቻ፣ የመብራት ማብሪያና የደወል ገመድ ነበር። ይህን ከተማርኩ ወዲህ ግን ትራስ ሳስተካክል እጄ ቀስ ይላል። መልክ የሌለውን አምላክ የት ላግኘው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የማውቀው አድራሻ ይኸው ነው። አካል የለውም፤ እኛ ግን የታመመ ለመጠየቅ እግር፣ የወደቀ ለማንሣት ክንድ ተሰጥቶናል። ሊቃውንቱም በመንገዱ ሂዱ የሚለውን ትእዛዝ ሲፈቱ፣ እሱ የታረዘውን እንዳለበሰ አልብሱ፣ የታመመውን እንደጠየቀ ጠይቁ ይላሉ።

ያን ልጅ እንደገና ያገኘሁት በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሀናፂቭ፣ በየዓመቱ በምናከብረው የቤተ እስራኤል በዓል፣ በሲግድ ዕለት ነው። ቄሶቹ በባለ ቀለም ጃንጥላቸው ሥር ሆነው ኦሪቱን አንብበው ጨርሰው፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ አንድ እጁ ላይ ዳቦ ይዞ መጣ። አያቱ ከዚያች ሌሊት በኋላ ብዙም አልቆዩም። በሰባቱ የሐዘን ቀን ቃዲሽ የሚባለውን የሐዘንተኛ ጸሎት የሚል ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር፤ ቃዲሽ ደግሞ ዐሥር ሰው ሳይሞላ አይባልም። ጎረቤቶች እየተጠራሩ ሞሉለት። የሚያነበው ጸሎት ውስጥ ሞት የሚል ቃል አንድም እንደሌለ፣ ከዳር እስከ ዳር የእግዚአብሔርን ስም ብቻ እንደሚያከብር ያን ጊዜ ነው ያየው።

«አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ምንም አይታየኝም እትዬ» አለኝ። «ግን እኛ ሕንፃ ላይ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ማታ ማታ ሚንያን፣ የጸሎቱ ዐሥር ሰው፣ ሲጎድልባቸው በሬን ያንኳኳሉ። ዐሥረኛው እኔ ነኝ።»

ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሰጠኝ።