ኦቲዝም ያለው ልጅ ካደገ በኋላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። በዚህ እትም ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል፤ አራቱም ልጅነታቸውን ስለጨረሱ ሰዎች ናቸው። መልሱን ያዘጋጁት የልዩ ፍላጎት መምህራንና የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 22 ዓመቱ ነው። ይማርበት የነበረው ማዕከል ዕድሜው ገፍቷል ብሎ ከሸኘን ወዲህ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። እኔ ጉሊት ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ውጭ አገር ለአዋቂዎች ምን ይደረግላቸዋል? እኔስ እቤቴ ምን ላድርግ?
እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እናታችን፣ በሀብታሞቹ አገሮችም ነገሩ ገና አልተሟላም። ስለ ኦቲዝም የሚደረገው ጥናት አብዛኛው ልጆችን የሚመለከት ነው። አሜሪካ ውስጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት በአብዛኛው ቦታ በ21 ወይም በ22 ዓመት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ቴራፒውንም ትራንስፖርቱንም በአንድ ጊዜ ያጣል። እንግሊዝ የአዋቂዎችን አገልግሎት የሚመለከት የኦቲዝም ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኛም ዘንድ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ የተሠራው ሥራ በአመዛኙ ለልጆች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለአገራችን ያስማሙት ሥልጠናም ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉት ነው። የእርስዎ ልጅ የተዘለለው ብቻውን አይደለም።

ይሁን እንጂ ከአዋቂዎች ጋር በተሠራው ሥራ አንድ ነገር ደጋግሞ ታይቷል፦ መማር በ18 ዓመት አይቆምም፤ ትምህርቱ የሚይዘው ግን ሥራው በሚሠራበት ቦታና ዕቃ ላይ ሲሰጥ ነው። ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ፍራፍሬ መቁጠር የተማረ ልጅ ጉሊት ላይ ላይቆጥር ይችላል፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው አንድ ቦታ የተማረውን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ይከብደዋልና።

ስለዚህ በእርስዎ ሽንኩርት ይጀምሩ። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 የተጀመረው ቲች የተባለው የኦቲዝም ፕሮግራም ማንኛውም ሥራ አራት ነገር ያለ ንግግር ይመልስ ይላል፦ ምን ልሥራ? ስንት? ማለቁን በምን አውቃለሁ? ቀጥሎስ ምን አለ? ቤት ውስጥ እንዲህ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ በግራ በኩል አንድ ቅርጫት ሽንኩርት፣ መሐል ላይ ሚዛንና የ1 ኪሎ መመዘኛ፣ ቀጥሎ በትክክል 10 ከረጢት፣ በቀኝ በኩል ባዶ ሣጥን ያስቀምጡ። የበሰበሰው ወደ ባልዲ፣ ደኅናው ወደ ሚዛን። ከረጢቶቹ ሲያልቁ ሥራው አልቋል። ከሣጥኑ አጠገብ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ፎቶ ይኑር፤ ሻይ ከሆነ የራሱ ኩባያ ፎቶ።

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ 10ሩን በፍጥነት ሲጨርስ እናት ደስ ብሏት 5 ከረጢት ትጨምራለች። «አለቀ» ማለት ትርጉም ያጣል፤ በማግሥቱ መቀመጥ እንቢ ይላል። መጨመር ከፈለጉ ነገ ጠዋት፣ ሳይጀምር በፊት 12 አድርገው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ገላን አካባቢ ፈሳሽ ሳሙና የሚያመርት አነስተኛ ፋብሪካ አለኝ። አንዲት የ24 ዓመት ልጅ ማሸጊያ ክፍል ልቀጥር አስቤያለሁ፤ ኦቲዝም አላት፣ ብዙ አትናገርም፣ እጇ ግን ቀልጣፋ ነው። ሠራተኞቼ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ትሠልጥን ይላሉ። የምትመጣው ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ ነው።
አሠሪ፣ ከገላን

መልስ፦ ቀጥረው ያሠልጥኗት። በዚህ ጉዳይ ጠንካራ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ከ18 እስከ 21 ዓመት የሆናቸው ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ለ9 ወር ሆስፒታል ውስጥ እውነተኛ ሥራ ላይ ሆኖ፣ አጋዥ አጠገቡ እያለ ተለማመደ፤ ሌላው የተለመደውን ትምህርት ቀጠለ። ከፊተኛው 24 ሰዎች 21ዱ፣ ከኋለኛው 16 ሰዎች ግን 1 ብቻ ሥራ ያዙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሆስፒታሉም ገላን አይደለም። ልዩነቱ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሥራውን ይቆራርጡት። ካርቶን ማጠፍ፣ ታቹን በፕላስተር ማሸግ፣ 12 ጠርሙስ መደርደር፣ ክዳን መጥበቁን መፈተሽ፣ ላዩን ማሸግ፣ ፓሌት ላይ መጫን፤ ስድስት ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መደርደሩን ብቻ ይስጧት፣ በቀን 2 ሰዓት። በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ 12 ክብ፣ 3 በ4 አድርገው ይሣሉ። ጠርሙሶቹን መጀመሪያ ክቦቹ ላይ ታስቀምጣለች፤ ባዶ ክብ ካልቀረ ወደ ካርቶን ይገባሉ። ድርብ ሥራ ይመስላል፣ ግን 11 ጠርሙስ የያዘ ካርቶን ሱቅ ደርሶ ከመመለሱ ይሻላል። እጇ ሲለምድ ጣውላውን ያነሡታል።

ሁለት አጋዥ ይመድቡ፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ እንድትተካ። አለቃ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ረጋ ያሉ ይሁኑ። አጋዥዋ ከፊት ሳይሆን ከጎንና ትንሽ ከኋላ ትቁም፤ ልጅቷ ከቆመች 5 ሰከንድ ትጠብቅ፣ ከዚያ በጣት ወደ ባዶው ክብ ታመልክት። «አሁን ይሄን፣ አሁን ያን» እያሉ በአፍ መምራት ዋናው ስሕተት ነው። ድምፁ የሥራው አንድ ክፍል ይሆንና ሳይነገራት አትንቀሳቀስም፤ ጣት ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ድምፅን መቀነስ ግን ከባድ ነው። አጋዡም ድንገት አይነሣ፤ በመጀመሪያ ሁለት እርምጃ ይራቅ፣ ከዚያ ክፍሉ ጫፍ፣ ከዚያ በሰዓት አንዴ ብቅ ይበል።

ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ሥራ የሚለቁት አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ከብዷቸው አይደለም። የሚያስቸግረው የሻይ ሰዓቱ፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት፣ ሳይነገር የተቀየረው የክዳን ቀለም ነው። የጆሮ መከላከያ ይስጧት። መብራት ሲጠፋ የምትሠራው ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ሁለተኛ ሥራ፣ ለምሳሌ ካርቶን ማጠፍ፣ አስቀድማ ትልመድ፤ ጠርሙሱ ወይም ክዳኑ ሊቀየር ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ያሳዩዋት። በሻይ ሰዓት የምትቀመጥበት አንድ የታወቀ ወንበር ይኑራት፤ አጫውቷት ተብሎ ሰው አይከበባት።

ታክሲውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስተምሯት። ቤተሰብ ሙሉውን መንገድ አብሯት ይመጣል፤ መጀመሪያ ብቻዋን የምትሠራው ከፌርማታው እስከ ፋብሪካው በር ያለውን እግር መንገድ ነው። እሱን ስትችል መውረዱ፣ ከዚያ መክፈሉ፣ በመጨረሻ መሳፈሩ ይጨመራል። እንዲህ ሲሆን የየቀኑ ጉዞ በምትችለው ነገር ያልቃል። «ወራጅ አለ» ማለት ለማትናገር ሰው ትልቅ እንቅፋት ነው። መውረጃዋ የተጻፈበት፣ ጀርባው ላይ የቤተሰብ ስልክ ያለው ላሚኔት የተደረገ ካርድ ትያዝ፤ ለረዳቱ ስትሳፈር ታሳየዋለች። ሒሳቡ ተቆጥሮ በትንሽ ቦርሳ ይግባ። ታክሲ ሲጠፋና ሰልፉ ሲረዝም የምትጠብቅበት፣ ባለቤቱ የሚያውቃት አንድ ሱቅም አስቀድሞ ይወሰን።

ደመወዟ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በፔይሮል፣ በሠራችው ሰዓት ልክ ይከፈል። አካል ጉዳተኞችን ስለመቅጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻችና ረዳት እንዲመድብ ያዝዛል፤ ሁኔታውን ማመቻቸቱ በጎ ሥራ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታም ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ከሁለት ወር ወዲህ አገጩን በጡጫ ይመታል፣ ማታ ይጮኻል። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተጨመረ፤ አሁን ፈዞ ይውላል፣ መምታቱ ግን አልቀረም።
እህት፣ ከሰበታ

መልስ፦ እህታችን፣ የጥርስ ሐኪም ጋ ውሰጂው። መናገር የማይችል ሰው ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ሕመም ነው፤ አገጩን የሚመታ ከሆነ ደግሞ ጥርስና ጆሮ ይቀድማሉ። ቆሎና የደረቀ ዳቦ ትቶ ለስላሳ ምግብ ብቻ መብላት ጀምሯል? በአንድ ጎን ብቻ ያኝካል? የሆድ ድርቀትም ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል፤ ስንት ቀን ሳይወጣ እንደሚቆይ መዝግቢ። ለሁለት ሳምንት በደብተር ላይ አራት ነገር ጻፊ፦ ሰዓቱን፣ ከመምታቱ በፊት የሆነውን፣ የቆየበትን ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ያደረገውን። «ሁልጊዜ ይመታል» ከሚል ቃል ይልቅ ይህ ደብተር ሐኪሙን ይረዳዋል።

መድኃኒትን በተመለከተ የእንግሊዝ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ለኦቲዝሙ ለራሱ መድኃኒት አይሰጥ ይላል። ለከባድ የጠባይ ችግር የሚሰጡት እንደ ሪስፐሪዶን ያሉት ሌላው መንገድ ካልበቃ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውጤታቸው ይገመገማል፣ በ6 ሳምንት የሚታይ ለውጥ ካላመጡ ይቆማሉ። ይህን ለሐኪሙ በጥያቄ መልክ አቅርቢ፦ «ከተጨመረ ይህን ያህል ሳምንት ሆነው፤ ለውጥ የለም፤ ይቀጥል?» ፈዞ መዋሉን፣ ሰውነቱ ከገተረ ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠም ንገሪው።

በራሳችሁ ግን አታቁሙ። በተለይ የሚጥል በሽታ ካለበት የዚያን በሽታ መድኃኒት በአንዴ ማቋረጥ ሕይወት የሚያሳጣ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ጠበል የሚወሰድ ከሆነም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፣ በሰዓቱ ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ነገሩን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የስዊድን ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ በአማካይ 16 ዓመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነትም ላለባቸው ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የሚጥል በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ኦቲዝም ሳነብ ራሴን አገኘሁ። በዚህ ዕድሜ መመርመር ይቻላል? ጤና ጣቢያ ስሄድ ሰልፉና ጫጫታው ስለሚያደክመኝ ሳልታከም እመለሳለሁ።
ወጣት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ይቻላል። የሚመረምርህ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን የመሰለ ቦታ ለመድረስ ከጤና ጣቢያህ ሪፈር አጽፍ። ምርመራው በአብዛኛው የሚመሠረተው በልጅነት ታሪክህ ላይ ስለሆነ እናትህን ወይም ያሳደገችህን አክስት ይዘህ ሂድ፦ መቼ አፍህን ፈታህ፣ በጣት እያመለከትህ ታሳይ ነበር ወይ፣ ከልጆች ጋር እንዴት ትጫወት ነበር የሚለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ካለም ውሰድ። ኢንተርኔት ላይ የሞላኸው መጠይቅ ምልክት ይሰጣል እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሕክምና ሳያገኙ መመለስ የአንተ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ራሳቸው ተመራማሪ ሆነው የሚሠሩበት አስፓየር የተባለ ቡድን፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ያልተሟላ የሕክምና ፍላጎት እንዳላቸውና ድንገተኛ ክፍልንም አብዝተው እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። መፍትሔ ብለው ካዘጋጁት ውስጥ ላንተ የሚሆነው ለሐኪሙ የሚሰጥ አጭር ጽሑፍ ነው። «ጥያቄ በጽሑፍ ቢሆን እመልሳለሁ፤ ከመንካትዎ በፊት ይንገሩኝ፤ ውጭ ሆኜ ልጠብቅ፣ ተራዬ ሲደርስ ይደውሉልኝ» ብለህ፣ ከሕመምህ ምልክትና ከጀመረበት ቀን ጋር ጻፍ። ጠዋት ካርድ ክፍል እንደተከፈተ ሂድና ለነርሷ በእጇ ስጣት። ብዙ ጽሑፍ አይነበብም፤ ከስድስት መስመር አይብለጥ።