ይጠራል፣ አይነሳም፦ የጃቫ ኔትወርክ ጥያቄዎቻችሁ

«የድረ ገጽ ፖርት 80 ነው ወይስ 8080? አንዱ መጽሐፍ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይለኛል።»

80 ነው። ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም የተመሰጠረው፣ ከሆነ 443። ፖርት ማለት በአንድ ማሽን ላይ ያለ ፕሮግራም ጥሪ የሚቀበልበት የበር ቁጥር ነው። 8080 ለሙከራ የለመድነው ነው፤ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች ለመክፈት ሊኑክስ በተለምዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሰው ወደ ላይ ሸሸ።

«ትልቁ የፖርት ቁጥር ስንት ነው? ለነገ ፈተና ነው።»

65535። ለምን ካሉሽ፣ ቁጥሩ የሚቀመጠው በ16 ቢት ስለሆነ ነው በያቸው። የቀረውን መምህርሽን ጠይቂ።

«አድራሻ ላይ ‹ሰላም› ብዬ ጽፌ ኮፒ ሳደርገው የፐርሰንት ምልክት መዓት ይሆንብኛል። ቫይረስ ይሆን?»

አይደለም። አድራሻ ውስጥ በቀጥታ መግባት የሚችሉት የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ጥቂት ምልክቶች ብቻ ናቸው። የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ደንብ) እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ አንዱ ባይት ደግሞ ፐርሰንትና ሁለት ምልክት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ ሦስት ፊደሏ «ሰላም» 27 ቁምፊ ሆና ትወጣለች። በጃቫ ዩአርኤልኢንኮደር ይህን ይሠራልሃል፤ ግን ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ የሚመጣውን ዋጋ ብቻ ስጠው። ሙሉውን አድራሻ ካጎረስከው ሁለት ነጥቡንና ስላሾቹንም ይለውጣቸውና አድራሻነቱ ይቀራል።

«ፕሮግራሜ ከሰርቨሩ ጋር አልገናኝ አለኝ። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል። ምን ይሻለኛል?»

ደብዳቤው ረጅም ነው። የላፕቶፑ ዕድሜ፣ የተጫነው ጸረ ቫይረስ፣ የጓደኛው ምክር ሳይቀር ተጽፎልኛል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ጃቫ ምን እንዳለው። አያይዞ የላከውን ኮድ ስከፍት ነገሩ ገባኝ፤ ትራይ ብሎ ጀምሮ፣ ስህተት ሲፈጠር የሚሠራውን የካቹን ቅንፍ ባዶውን ዘግቶታል። በሽተኛው የት እንዳመመው ሊናገር ሲል አፉን ማፈን ማለት ይኼ ነው።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እዚያ ባዶ ቅንፍ ውስጥ ስህተቱን የሚያትም አንድ መስመር ጻፍ። ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ይወጣል።

«አንኖንሆስት» ካለህ ስሙን ወደ አይፒ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ አላገኘውም፤ ገና ከደጅ አልወጣህም። ፊደል ገድፈህ ይሆናል፤ ወይም፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ የሆስቱ (የማሽኑ) ስም በሚገባበት ቦታ ኤችቲቲፒን ከነስላሹ ጨምረህበታል። ሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራምህ ከሌላ ማሽን ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ የሚፈልገው ስምና ፖርት ብቻ ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለህ ደስ ይበልህ። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሰሃል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ግን የለም። ሰርቨሩ አልተነሳም፣ ወይ ፖርቱ ሌላ ነው፣ ወይ ደግሞ ሰርቨሩ የሚያዳምጠው በ127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) ብቻ ስለሆነ ከውጭ የመጣውን አይሰማም።

«ታይምድ አውት» ግን ይጠራል፣ አይነሳም ነው። እሺም እምቢም የሚል የለም። ማሽኑ ጠፍቶ ወይም አይፒው ተሳስቶ ይሆናል፤ እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ግን ፋየርዎልን ነው፤ ብዙ ጊዜ ያልፈለገውን ጥሪ መልስ ሳይሰጥ ይጥለዋል።

ከሦስቱም የሚከፋው አራተኛው ነው፤ ጭራሽ ዝምታ። ሶኬት አንዴ ከተገናኘ በኋላ ለማንበብ የሚጠብቅበት ጊዜ፣ ካልወሰንክለት፣ 0 ነው፤ 0 ደግሞ እዚህ ቦታ «ለዘላለም» ማለት ነው። አንድ ጊዜ ማታ ለቅቄው የሄድኩት ፕሮግራም ጠዋት ስመለስ አንዲት የሪድ መስመር ላይ ተገትሮ ጠበቀኝ። ማዶ ያለው ማሽን ሌሊት ኃይል ተቋርጦበት ኖሯል፤ የእኔው ግን ማን ይንገረው? ይህን ገደብ የሚወስነውን ሴትሶታይምአውትን 5000 ሚሊሰከንድ ብዬው ቢሆን ኖሮ በ5 ሰከንድ ይጮህ ነበር። ለመገናኘቱም ለብቻው ገደብ ስጠው። ከጃቫ 11 ጋር የመጣው ኤችቲቲፒክላየንትም ሳትነግረው ገደብ አያስቀምጥም።

«ሁለት ፕሮግራም ጻፍኩ፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ በሪድላይን ይቀበላል። ሁለቱም ዝም።»

ሪድላይን የመስመር መጨረሻ ካልመጣ ወይም ግንኙነቱ ካልተዘጋ አይመለስም። አንተ በፕሪንት ነው የላክኸው። የመስመር መጨረሻ የሚጨምረውን ፕሪንትኤልኤን አድርገው፤ ፕሪንትራይተሩን ስትፈጥርም አውቶፍላሹን (የጻፍከውን ወዲያው የሚልከውን) ትሩ በለው።

«ዩአርኤሎችን ሃሽሴት (ድግግሞሽ የማይቀበል ስብስብ) ውስጥ ስከት የተለያዩ ሁለት አድራሻዎች እንደ አንድ ተቆጠሩብኝ። ደግሞም ይንቀራፈፋል።»

ጥሩ ዓይን አለሽ። ጃቫ ሁለት ዩአርኤል ሲያወዳድር የሆስቶቹን ስም ዲኤንኤስ ይጠይቃል፤ አይፒያቸው አንድ ከሆነና የቀረው ክፍል ከተመሳሰለ እኩል ናችሁ ይላቸዋል። አንድ ሰርቨር ላይ የተዳበሉ ሁለት ድረ ገጾች በዚህ መንገድ አንድ ይሆናሉ። ሁለት ጽሑፍ ለማወዳደር ኔትወርክ ድረስ መሄድ! ዲኤንኤስ ሳይጠይቅ የሚያወዳድረውን ዩአርአይ ተጠቀሚ። ከጃቫ 20 ወዲህ የዩአርኤል ኮንስትራክተሮች ራሳቸው እንዳንጠቀምባቸው ተመክሯል።

«ከቤት ሆኜ ለመሥራት በመሥሪያ ቤቱ ራውተር ላይ ለማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ፖርት 3306ን ልክፈት?»

አይክፈቱ። ክፍት ፖርት ፍለጋ እየዞሩ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት የላቸውም። «ለጥቂት ቀን ብቻ» ያሉትንም አንብቤያለሁ፤ አይክፈቱ። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ቪፒኤን ወይም የኤስኤስኤች የተመሰጠረ መንገድ ያበጅልዎ። ባለሙያ ያማክሩ የምለው ለወጉ አይደለም፤ እሱን ሳያነጋግሩ ራውተሩን እንዳይነኩ።

«የሠራሁትን ገጽ ለጓደኛዬ ላክሁለት፤ ሎካልሆስት፣ ፖርት 8080። አልከፈት አለው።»

ሎካልሆስት «ይኸው ማሽን» ማለት ነው። ጓደኛህ ሲያንኳኳ የዋለው የራሱን በር ነው።